ተራራው፣ ፎቁ እና የአርብ ሴቶች

ሚስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችኝ ቃል «ይሄ ውሸት ነው» የሚል ነው። ሰላምታ የለ፣ ስም መጠያየቅ የለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት ብድግ አለችና ጣቷን ግድግዳው ላይ ወዳበራሁት ሥዕል ቀስራ «ይሄ ውሸት ነው» አለች። ከዚያ ተነስተን እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ። በቻርት ጠብ የተጀመረ ትዳር ሰምታችሁ የምታውቁ አይመስለኝምና ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ውስጥ ነው። ጀብራ የሚባል ሰፈር ነበር የምኖረው። አባቴ በፖለቲካ ምክንያት ከኢትዮጵያ ተሰዶ የገባ መምህር ነው፤ እኔ እዚያው አደግኩ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተማርኩ፣ ከዚያ አንድ የጥናት ቢሮ ቀጠረኝ። ሥራዬ ቁጥርን ሥዕል ማድረግ ነበር። ሰንጠረዥ ያመጡልኛል፣ ቀለም ቀብቼ እመልስላቸዋለሁ። ከሁሉም ሥዕሎች የምወደው ደግሞ ስታክድ ኤሪያ የሚባለውን ነው፤ ቀለሞቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው፣ ዳገት ቁልቁለት እያሉ፣ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱበትን። ሰው ሲያየው አፉን ይከፍታል። ስታክድ ባር፣ ያ ለየዓመቱ አንድ ዓምድ ቆሞለት እንደ ፎቅ የሚደረበው፣ ለእኔ የስምንተኛ ክፍል የቤት ሥራ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ተራራ እወድ ነበር።

ሳጃና በሚባለው ሰፈር ውስጥ የእኛ ሰዎች የከፈቱት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። ሦስት ዓይነት ተማሪ ነበረው። በሥራ ቀን የሚማሩ ልጆች አሉ። እዚያው ተወልደው አማርኛ የጠፋባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ ልጆች አሉ። አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የሚማሩ ሴቶች ይመጣሉ። የአርብ ሴቶች አብዛኞቹ ወሎዬዎች ናቸው፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በየቪላው ቤት ሠራተኛ ሆነው የሚሠሩ። ከሳምንቱ የእነሱ ቀን አርብ ብቻ ነው። አሠሪዎቻቸው ደግሞ «በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሄዳ በአውቶቡሱ ካልተመለሰች ከግቢ አትወጣም» ይላሉ።

አውቶቡሱ የሐጂ ሰዒድ ነው። ሐጂ ካርቱም ከገቡ ዘመናት ያስቆጠሩ፣ ለጋስ ግን ቀጥተኛ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋሽ ተፈራ ደወሉልኝ።

«ያሲን፣ ሐጂ አርብ አርብ አውቶቡሱን ሊወስዱብን ነው።»

«ለምን?»

«አርብ የሰርግ ቀን አይደል? የሰርግ ኮንትራት የያዘ ሰው መጥቶባቸዋል። ‹ክፍሉ የሚያድግ ከሆነ በደስታ ይቀጥል፣ የሚከስም ከሆነ ግን አውቶቡሴን ለምን አቆማለሁ?› አሉ። ልክ ናቸው። የስንት ዓመት የተማሪ ቁጥር ልልክልህ ነው፤ እባክህ በአንድ ሥዕል አሳይልን።»

«አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ ጋሽ ተፈራ» አልኳቸው። «ሲያዩት አውቶቡስ ይጨምራሉ።»

ሠራሁት። ከሥር ሰማያዊ፣ የሥራ ቀን ልጆች። መሀል ነጭ፣ የቅዳሜዎቹ። አናት ላይ ደማቅ ቀይ፣ የአርብ ሴቶች። ጫፉን እንደ ሐር ለስላሳ አደረግኩት። ራሴ ቁጭ ብዬ አየሁትና ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ።

በቀጠሮው አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። ሐጂ ሰዒድ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የትምህርት ቤቱ ወንበሮች ክንድ የላቸውም ተብሎ፣ ለክብራቸው ከጎረቤት ምግብ ቤት አንድ ባለ ክንድ ቀይ ፕላስቲክ ወንበር መጥቶላቸዋል። የአርብ ሴቶች ከኋላ ተደርድረዋል፤ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሟል። «ከዓስር ሶላት በኋላ ለሰውዬው መልስ መስጠት አለብኝ» አሉ ሐጂ። «ያላ ልጄ፣ አሳየን።»

ፕሮጀክተሩን አበራሁ። ተራራዬ ግድግዳውን ሞላው። «ማሻአላህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቴ ተነፋ።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «ቀዩ የአርብ ሴቶች ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እዚህ ጋ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ወረደ፣ ትንሽ ቀና አለ፣ እንደገና ወረደ... መጨረሻው ላይ ቀጥኗል።» ወደ ጋሽ ተፈራ ዞሩ። «ሴቶቹ እያለቁ ነው ማለት ነው። ኸላስ፣ አለቀ፤ ግልጽ ነው። አላህ ይስጠው፣ ልጁ በደንብ አስረድቶኛል።»

እንደዚያ ለማለት አልነበረም! ከኋላ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አንዷ፣ ዘይነባ የምትባል፣ «የት አለቅን? ይኸው ወንበር አንሶን የቆምን አለን!» አለች።

ያን ጊዜ ነው ያቺ ልጅ ብድግ ያለችው። ጥቁር ሻርፕ፣ ጣቷ ላይ የጠመኔ ዱቄት። የአርብ ክፍል አስተማሪ ናት፤ በሥራ ቀን አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ሐናን። እኔ ግን ያኔ ስሟንም አላውቅም።

«ይሄ ውሸት ነው» አለች።

«ቁጥሩ ልክ ነው፣ እህቴ» አልኩ፤ ድምፄ ትንሽ ቀጠነብኝ።

«ቁጥሩን አላልኩም። ሥዕሉን ነው። እነዚህ ሴቶች ተራራው አናት ላይ ተሰቅለዋል። የወረደው ሰማያዊው ነው፤ ልጆቹ ናቸው የቀነሱት፣ ቤተሰቦቻቸው ወደ ግብፅ ሄደው። ቀዩ በሰማያዊው ጀርባ ላይ ስለተጫነ አብሮ ወረደ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀጭን ይመስላል። አንተ ከላይ እስከ ታች ስትለካው አልቀጠነም!»

አየሁት። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ግን ሰው ፊት ነው፤ እንዴት እሺ ይባላል? «የሚነበብበትን መንገድ ማወቅ ይጠይቃል» አልኳት።

«እሺ፣ ይሄን አንብብልኝ» ብላ ወደ ግድግዳው መጥታ መሀል ላይ አንድ ቦታ በጣቷ ነካች። «ይሄ የኮሮናው ዓመት ነው። ያን ዓመት ይሄ ግቢ ተቆልፎ ነበር። አንድ ተማሪ አልገባም። ሥዕልህ ላይ ግን ሦስቱም ቀለም ሞልቶ ያልፋል። እነማን ናቸው? ጅኒዎች ናቸው የተማሩት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የተላከልኝ ሰንጠረዥ ላይ ያ ዓመት አልነበረም፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ከፊተኛው ዓመት ጫፍ እስከ ኋለኛው ጫፍ ዝም ብሎ ድልድይ ዘረጋ። ተራራ የሚወድ ሰው ገደሉን አላየም።

ሐጂ ግን አልሳቁም። «እንግዲህ የቱን ልመን?» አሉ። «እስከ ዓስር ድረስ አንድ ላይ ሆናችሁ፣ እኔ የሚገባኝ አድርጋችሁ አምጡት። ዓስር ካለፈ ግን ቃሌን ለሰውዬው እሰጣለሁ።» ሻያቸውን ተቀበሉና ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ።

ሐናን ላፕቶፑ ጋ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «ዓምድ አድርገው» አለችኝ። «ለየዓመቱ አንድ ዓምድ። የተዘጋንበት ዓመት ባዶውን ይቆም።»

«ዓምድ ብቻውን አያድንሽም። ቀዩ አሁንም ዓምዱ አናት ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ያሉት ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ሐጂ እንደገና ‹ወረደ› ይላሉ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ቀዩን ከሥር እናድርገው። መሬት ላይ ያለው ብቻ ነው ቁመቱ ሳይሸፋፈን የሚታየው።»

«እ!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ታውቃለህ ማለት ነው። ታዲያ ቅድም ምን ነካህ?»

«ተራራው ያምራል።»

«ያምራል» አለች። «እኔንም ማርኮኛል። ውሸታም ሁሉ መልክ አለው።»

ሳቄን ሳልጨርስ ፕሮጀክተሩ ጭው አለና ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ።

«ከህረባ!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ። መብራት ሄደ። ካርቱም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሲሄድ መመለሻውን አይናገርም። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ድሮ የሞተ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት ውጭ አንድ ደቂቃ አይቆምም። ስክሪኑ ጠቆረ። የሁለታችን ፊት ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ታየን።

«ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልሣለው» አለች ሐናን።

«አንድ ቀለም ጠመኔ ነው ያለው። በነጭ ጠመኔ ማን ከማን ይለያል?»

ዞር ስል አዳራሹ ጥግ ላይ የተደራረቡ ፕላስቲክ ወንበሮች አየሁ። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ፣ ከላያቸው ነጭ። ዘልዬ ተነሳሁ።

«ፎቅ!» አልኩ።

«ምን?»

«ወንበሮቹ! አንድ ወንበር አስር ተማሪ ይሁን። ሰማያዊው ልጆቹ፣ ነጩ ቅዳሜ። ቀይ ነው የቸገረን...»

ሐናን የሐጂን ወንበር አየች፣ ወደ በሩ አየች፣ «እትዬ ሙሉ ምግብ ቤት!» ብላ ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ሮጠች። እኔ ተከተልኳት። ከኋላችን የአርብ ሴቶች ተከተሉ።

የእትዬ ሙሉ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚሆን ልትገምቱ ትችላላችሁ። ሐናን በሩ ላይ ቆማ «እትዬ ሙሉ፣ ወንበሮችሽን ለአንድ ሰዓት!» አለቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እየበላባቸው ነው!»

«ቆመው ይብሉ! አውቶቡሱ ሊሄድብን ነው!»

እትዬ ሙሉ አንድ ጊዜ ሴቶቹን አየች። ከዚያ ወደ ደንበኞቿ ዞራ «ያላ፣ ተነሱ!» አለች። ወገኖቼ፣ ተነሱ! ጉርሻ በእጃቸው የያዙ ሰዎች ተነሱ። አንድ ጀላቢያ የለበሱ ሱዳናዊ ሽማግሌ «ያ ዞል፣ ሽኑ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው። ማስረዳት አቃተኝ። «ሒሳብ ነው» አልኳቸው በአረብኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የተቀመጡበትን ወንበር አንስተው ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉና አብረውን መጡ። በሳጃና መንገድ ላይ ቀይ ወንበር የተሸከመ የሰው ሰልፍ! ባለ ሦስት እግር ረክሻዎች ቆመው ጡሩምባ ነፉልን፤ ሰርግ መስሏቸው ነው።

ግቢው መሀል መደርደር ጀመርን። ሐናን ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ትጣራለች፣ እኛ እንከምራለን። ከየዓምዱ ሥር ቀይ፣ ከላዩ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ። የመጀመሪያው ዓመት ቀይ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሁለት። ወንበሮቹ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ በደንብ አይገጥሙም፤ ትልቁ ዓምድ ልጆቹ ከሁሉ በበዙበት ዓመት ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ጋሽ ተፈራ ሮጠው አቀፉት።

«ጋሽ ተፈራ፣ እንዳይለቁት!»

«እንዴት እለቀዋለሁ? ከሁሉ የተሻለው ዓመታችን ነው!» አሉ ወንበሮቹን እንዳቀፉ።

የተዘጋንበት ዓመት ተራ ሲደርስ ሐናን «እዚህ ምንም» አለች። ክፍቱን ተውነው። የሚቀጥለው ዓመት ላይ ሦስት ቀይ ወንበር አስቀመጥንና ነጭ ይዤ ስመጣ እጇን ዘረጋችብኝ።

«ነጭ የለም። ሰማያዊም የለም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ልጆቹ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው።»

ነጩን ወንበር እንደያዝኩ ቆምኩ። ይሄም ሥዕሌ ውስጥ ነበረ እኮ! በዚያ ለስላሳ ሸለቆ ውስጥ ተቀብሮ እኔ ራሴ አላየሁትም። ዘይነባ ከአጠገቤ «አዎ፣ ቁልፉን ከጋሽ ተፈራ ተቀብለን ግቢውን የጠረግነው እኛ ነን» አለች፣ ተራ ነገር እንደምታወራ።

መጨረሻው ዓመት ላይ ደረስን። ሐናን «ቀይ አምስት!» አለች። አራት አስቀመጥን። አምስተኛውን ፈለግን፤ የለም። የእትዬ ሙሉ ቤት ባዶ ሆኗል። ከመስጊዱ የዓስር አዛን ተሰማ።

ሐጂ ሰዒድ ከአዳራሹ ደጃፍ፣ ከነወንበራቸው ወጥተው ተቀምጠው ሁሉንም ሲያዩ ቆይተዋል። «ምን ቀራችሁ?» አሉ።

«አንድ ወንበር፣ ሐጂ» አልኩ።

«ታዲያ አምጡት።»

ሐናን እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዘይነባ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ «ተቀምጠውበታል፣ ሐጂ» አለች።

ሐጂ ወደ ታች አዩ። ክንዱን ዳሰሱት። ቀይ ነው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ነው። ተነሱ፣ ወንበሩን ራሳቸው አንስተው ይዘው መጡ፣ አራቱ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምረው እየተራመዱ፣ ቀዩን ብቻ በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ። አንድ። ሁለት። ክፍቱ ቦታ ላይ ቆም አሉና አለፉ። ሦስት። አራት። አምስት።

«ይሄ እየወረደ አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ ሐጂ» አለች ሐናን።

«እንግዲህ ሰውዬው ለሰርጉ ሌላ አውቶቡስ ይፈልግ!»

እልልታው የተነሳው ያኔ ነው። ጋሽ ተፈራ ደስታቸው በዝቶ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ፣ ያቀፉት ዓምድ ተንዶ ተበተነ። ያ ሱዳናዊ ሽማግሌ «ሚያ ሚያ!»፣ መቶ በመቶ፣ እያሉ አጨበጨቡ፤ ምን እንደተወሰነ እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ወንበሮቹን ስንመልስ እኔና ሐናን አንድ ላይ ተሸከምን። መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። እሷ «ኤሪያ ቻርት ለምንም አይረባም» አለች። እኔ ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ሲሆን፣ በየዕለቱ እየተለካ የማይቋረጥ ነገር ሲሆን፣ ዓምድ መደርደር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ዓይን ይወጋል፤ ያን ጊዜ የጠቅላላውን ጉዞ የሚያሳየው ተራራው ነው ብዬ ተከራከርኩ። «ምሳሌ አምጣ» አለችኝ። «የሚመጣው አርብ አመጣለሁ» አልኳት። አመጣሁ። በሚቀጥለውም አርብ ሌላ አመጣሁ። ምሳሌ ሲያልቅብኝ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ተፈራና ሐጂ ሰዒድ ነበሩ። የሐናን እናት ካፉሪ ሠርተው ያሳደጓት ጥንቁቅ ሴት ናቸው። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐጂ ትንሽ አሰቡና «ወንበር ይከምራል» አሉ። እናቷ ሊከለክሉኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ ወገኖቼ፣ ከዚያ አርብ ወዲህ በጋዜጣም በስልክም ሥዕል ሳይ ሁለት ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ይሄ ከላይ ያለው ራሱ ነው የወረደው ወይስ ከሥሩ ያለው? በዚህና በዚያ ነጥብ መካከልስ በእርግጥ የሆነ ነገር ነበር ወይ? ሰው ላይ ስፈርድም ይሄንኑ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ሰው ወደቀ ሲባል ወለሉ ነው የሰመጠበት።

ጦርነቱ ሁላችንንም በታተነን። ሳጃና እንደዚያ አይደለችም፤ እኔና ሐናን አሁን ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነን። የአርብ ሴቶች ግን በስልክ አንድ ቡድን አላቸው። የድምፅ መልእክት አይላላኩም፤ ይጽፋሉ። ዘይነባ የምትጽፈው ረጅም ነው፣ ነጥብም ሰረዝም የለውም፤ እኛ ቤት ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ሴት ልጅ ወልደናል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ትመዘናለች፤ ሐናንም ጓዳው በር ላይ በእርሳስ ለየወሩ አንድ ዓምድ ታቆምላታለች። ባለፈው ሳምንት እርሳሱን አንስቼ የዓምዶቹን ጫፍ በመስመር ማያያዝ ጀመርኩ።

«ተው!» አለችኝ ከኋላዬ። «በመሀሉ መዝነናታል እንዴ?»

«አልመዘንናትም።»

«ታዲያ ምን አውቀህ ነው የምታሰምረው?»

«በመሀሉ ምን ስትሠራ ነበር ታዲያ?» አልኳት።

ሐናን መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተች። ልጅቷ ከአልጋዋ ላይ እግሯን እያወራጨች ታየናለች። ሐናን ዞራ አየቻትና ሳቅ አሸነፋት።

«እያደገች ነበር» አለች። «አስምረው።»